«አድሃሪው» ማነው? የእብናት ገበሬ ወይስ ሹሙ?

ርዕሰ አንቀጽ

በአገራችን ፖለቲካ ስም እንደ ጥይት ነው፤ ከተተኮሰ የሚያርፍበት ሰው አያጣም። «አድሃሪ»፣ «ፊውዳል»፣ «ነፍጠኛ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «ቢሮክራት»፣ «ርዝራዥ»... እነዚህ ቃላት ሰው አሳስረዋል፣ ሰው አስገድለዋል፣ የሰው መሬት አስነጥቀዋል። በሌላው ዓለም ምሁራን ቡና እየጠጡ የሚከራከሩበት «ወግ አጥባቂነት ቦታው ግራ ነው ቀኝ?» የሚል ጥያቄ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ «ለመሆኑ አንተ ስንት ጥማድ ይገባሃል?» ወደሚል ጥያቄ ተለወጠ። ጉዳዩን ለምሁራን ብቻ የማንተወው ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለን። የፓርቲዎቻችንን ፕሮግራም ያገላበጠ ሰው አንዱ «ሶሻል ዴሞክራት ነኝ»፣ አንዱ «ሊበራል ነኝ»፣ ሌላው «ማኅበራዊ ፍትሕ» ሲል ያገኛል። «እኔ ወግ አጥባቂ ነኝ» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ገበሬው ፊት የሚቆም ግን አይታይም። እንዴት ነው ነገሩ? አብዛኛው ሕዝብ አራሽ፣ ጾም ጠባቂ፣ ሽማግሌ አክባሪ፣ የአባቱን ድንበር ለልጁ አስረካቢ በሆነበት አገር ወግ አጥባቂ ፓርቲ የጠፋው ወግ አጥባቂ ሕዝብ ጠፍቶ ነው? ወይስ ስሙ አስፈርቶ?

ወንበሩ ከየት መጣ?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። «ግራ» እና «ቀኝ» የሚባለው የፖለቲካ አነጋገር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1789 ፈረንሳይ ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት የተሰበሰበው ብሔራዊ ጉባኤ ከተከራከረባቸው ከባድ ጉዳዮች አንዱ «ጉባኤው የሚያወጣውን ሕግ ንጉሡ የማገድ ሥልጣን ይኑረው ወይስ አይኑረው?» የሚል ነበር። «ይኑረው» ባዮቹ ከሰብሳቢው በስተቀኝ፣ «አይኑረው» ባዮቹ በስተግራ ተቀመጡ። ነገሩ ይኸው ነው። ከወንበር አቀማመጥ የወጣ ስም ዓለምን ዞሮ እኛም ዘንድ ደረሰ።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1790፣ ኤድመንድ በርክ የተባለው የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የፈረንሳይን አብዮት የሚነቅፍ መጽሐፍ አሳተመ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ሲጨመቅ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ እየጨመረ ያቆመውን ቤት በአንድ ጀምበር አፍርሶ፣ ወረቀት ላይ በተነደፈ ፕላን እንደ አዲስ እሠራለሁ ማለት አያዋጣም የሚል ነው። የዛሬዎቹ የምዕራብ ወግ አጥባቂዎች አባታችን የሚሉት እሱን ነው።

እንግዲህ በትውልዱ ከሄድን መልሱ አጭር ነው። ወግ አጥባቂነት ቦታው ቀኝ ነው። ይህን አንክድም፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ጉባኤ በቀኝ የተቀመጠው ወገን የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነበር፦ አንደኛው ወጉን፣ ሃይማኖቱንና ንብረቱን፤ ሁለተኛው የንጉሡን ሥልጣን። ፈረንሳይ ውስጥ ሁለቱ ባንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በእኛ አገር ግን ሁለቱ ተለያዩ፤ ተለያይተውም አልቀሩ፣ ተፋጠጡ። ወጉን የሚጠብቀው ገበሬ አንድ ወገን፣ ሥልጣኑን የሚጠብቀው ሹም ሌላ ወገን ሆነ። የዛሬው ነገራችን ይኸው ነው።

ትናንት ተራማጅ፣ ዛሬ አድሃሪ

ከደብረ ታቦር እንጀምር። ደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን ይገዙ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ የንግሥት ዘውዲቱ ባለቤት የነበሩ፣ በራስ ተፈሪ አካሄድ ያልተደሰቱ መስፍን ነበሩ። በዘመኑ አነጋገር ተፈሪ የሥልጣኔ ሰው፣ ጉግሣ የድሮው ሥርዓት ሰው ናቸው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ በተደረገው ጦርነት ራስ ጉግሣ ወደቁ። የአዲስ አበባው መንግሥት አውሮፕላን በጦራቸው ላይ የጣለው ቦምብ ብቻ አልነበረም፤ የጳጳሱን ውግዘት የያዘ ወረቀትም በትኗል። እስቲ ይታያችሁ! የሥልጣኔው ወገን አዲሱን መሣሪያ በቀኝ እጁ፣ የጥንቱን ውግዘት በግራ እጁ ይዞ ነው የዘመተው።

ያ ያኔ የለውጥ ሰው የተባለው ተፈሪ፣ ኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ከ44 ዓመት በኋላ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርድ ስሙ የፊውዳሎች ቁንጮ ሆኖ ነበር። በሰውየውና በስሙ መካከል የቆየው ያው ሥልጣን ነው። ሥልጣን ላይ የቆየ ሁሉ፣ ሲመጣ ምንም ይበል ምን፣ ውሎ አድሮ ያለውን ጠባቂ ይሆናል።

ቀጥሎ የመጡትማ ሁሉም «ግራ» ነበሩ። ደርግ ግራ፣ ኢሕአፓ ግራ፣ መኢሶን ግራ። ሁሉም ማርክስን ይጠቅሱ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየጎዳናው የተረፈረፈው ወጣት በግራና በቀኝ ጦርነት መሐል ገብቶ የሞተ አይደለም። ግራ ግራን በላው። «አድሃሪ» የሚለውን ስም ግን አንዱ ባንዱ ላይ ሲለጥፍ ነው የከረመው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በሞስኮ ጎርባቾቭን ለመገልበጥ የሞከሩትን የኮሙኒስት ፓርቲ ሹማምንት የዓለም ጋዜጦች የጠሯቸው «ወግ አጥባቂዎች» ብለው ነበር። ግራ ዙፋን ላይ ሲያረጅ የሚሆነው ይህን ነው።

ባለርስት ድሀ

አሁን ወደ ገበሬው እንምጣ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ በዓይነ ሕሊናቸው የሳሉት በደቡቡ የአገራችን ክፍል ከምርቱ ትልቁን ድርሻ ለባለመሬት የሚያስረክበውን ጭሰኛ ነበር። ጥያቄው እውነተኛ ነበር። ዛሬም እውነትነቱን አንክድም።

በበጌምድርና በጎጃም ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። እዚያ ርስት አለ። ዘሩን ቆጥሮ፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ፣ አቅኚ አባት ዘንድ የደረሰ ሁሉ «ድርሻ ይገባኛል» ብሎ ዳኛ ፊት ይሟገታል። ጉልተኛው ግብር ይበላበታል፤ ርስቱ ግን የገበሬው ነው፣ አይሸጥም። የእብናት፣ የፋርጣ፣ የጋይንት ገበሬ ድሀ ነው፤ ነገር ግን ባለርስት ድሀ ነው። ይህን ሰው ከባላባት ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ከትቶ «ፊውዳል» ማለት አገሩን አለማወቅ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያወጣ የጎጃም ገበሬ እምቢ ብሎ ተነሳ። የተነሳበት ዋናው ነገር የብሩ መብዛት ብቻ አልነበረም። «መሬቴን ሊለኩት፣ ከለኩት በኋላ ሊወስዱት ነው» የሚል ሥጋት ነበር። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም አዘመተ። አልሆነም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሱ፣ የተጠራቀመው የግብር ዕዳም ተሠረዘ።

ታዲያ ያ ገበሬ ግራ ነበር ቀኝ? አብዮተኛ ነው እንዳይባል የሚከላከለው የአባቱን ርስትና ልማዱን ነው። አድሃሪ ነው እንዳይባል ጠመንጃ ያነሳው በዘውድ መንግሥት ላይ ነው። ከፈረንሳይ የመጣው መስመር ይህን ሰው የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። የእኛም ምሁራን ቦታ ሲያጡለት ስም አወጡለት።

እብናት፣ ሚያዝያ 1977

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ታወጀ። አዋጅ ቁጥር 31/1967 ጭሰኝነትን አፈረሰ። ለደቡቡ ጭሰኛ ትልቅ ቀን ነበር፤ ሐቁን እንናገር። ነገር ግን ያው አዋጅ መሬትን ሁሉ «የሕዝብ» ብሎ የመንግሥት አደረገው። ባላባቱ ከወረደበት ወንበር ላይ ሹሙ ተቀመጠበት። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም እንዲሉ።

ሹሙ ምን እንደሚያደርግ ያየነው እብናት ላይ ነው። በ1977ቱ ረሃብ እብናት ላይ ትልቅ የእርዳታ መጠለያ ተቋቁሞ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወገን በየጎጆው ተሰብስቦ እህልና መድኃኒት ይጠብቅ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድግስ ተከብሮ፣ ኢሠፓ የተባለው የሠራተኛው ፓርቲ ተመርቆ ነበር። በሚያዝያ ወር ወታደር እብናት ገባ። ረሃብተኛው «ክረምት ሊገባ ነው፣ አገርህ ገብተህ እረስ» ተብሎ ተባረረ። ጎጆዎቹ ተቃጠሉ። መቆም ያቃተው፣ ሕፃን ያዘለች፣ በሽተኛው ሁሉ መንገድ ጀመረ። ዓለም ሲጮህ መንግሥት መጀመሪያ «ወደው ነው የሄዱት» አለ፤ ኋላም ጥፋቱን በአካባቢ ሹም ላይ ጣለው።

እስቲ አሁን በግራና በቀኝ መነጽር እንየው። ጎጆውን ያቃጠለው ራሱን «የድሀው መንግሥት» የሚል ግራ ነበር። የተቃጠለበት ድሀ ደግሞ በዚያ ግራ መዝገብ «ኋላ ቀር»፣ «ለአብዮቱ ያልነቃ» ተብሎ የተመዘገበ ገበሬ ነበር። ስሙን ብቻ ያየ ሰው ማን ለማን እንደቆመ እንዴት ሊያውቅ ይችላል?

አራት ጥማድ

«ያ የደርግ ነው፣ አለፈ» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ደርግ አለፈ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። እዚያው አንቀጽ ላይ ገበሬው ከመሬቱ ላለመነቀል ዋስትና አለው የሚልም ጻፈ። ጥሩ ቃል ነው።

ሁለት ዓመት አልቆየም። በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት የመሬት ድልድል አወጀ። በብዙ ወረዳዎች ገበሬው በስም ተከፋፈለ። በንጉሡ ዘመን ከሹመት ጋር የተነካካ «የፊውዳል ቅሪት»፣ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ወይም ጸሐፊ የነበረ «ቢሮክራት» ተባለ። ስሙ የወጣበት ሰው ከአራት ጥማድ በላይ፣ ማለት ከአንድ ሄክታር በላይ፣ እንዳይኖረው ተወሰነ። የቀረው ተወሰደ። ከጎጃም አዲስ አበባ ድረስ አቤት ሊሉ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ድምፃቸውን አሰምተው ነበር። ሰሚ አልተገኘም።

ልብ በሉ! ያ «ቢሮክራት» የተባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቶቹ እጅ አውጥተው የመረጡት፣ የእጁ ቆዳ የገለበ አራሽ ነው። በ1967 ሲመረጥ «ተራማጅ ገበሬ» ነበር። በ1989 ሲነጠቅ «ቢሮክራት» ሆነ። ሰውየው ያው፣ በሬዎቹ ያው፣ ማሳው ያው። የተለወጠው ስሙን የሚያወጣለት ሹም ነው።

በዚያ ድልድል ባል የሌላቸው ሴቶችና መሬት አጥ ወጣቶች መሬት ያገኙበት ቦታ መኖሩን አንደብቅም። ያ መልካም ነበር። ነገር ግን ለችግረኛ መሬት መስጠት አንድ ነገር፣ ለተቀናቃኝ ስም አውጥቶ መንጠቅ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አጣብቆ «ፍትሕ» ማለት ማር ውስጥ ኮሶ ደብቆ ማጠጣት ነው።

ሁለት ወግ አጥባቂዎች

ስለዚህ አገራችን ውስጥ ወግ አጥባቂው ሁለት ነው እንላለን። አንደኛው ርስት ጠባቂ፣ ሁለተኛው ወንበር ጠባቂ።

ርስት ጠባቂው የእብናት ገበሬ ነው። የሚጠብቀው ማሳውን፣ ድንበሩን፣ ታቦቱን ወይም መስጊዱን፣ የሽማግሌውን ዳኝነት ነው። ይህ ሰው ቀኝ ነው፤ በርክ ቢያየው ያውቀዋል። ወንበር ጠባቂው ደግሞ ከ1967 ጀምሮ ሦስት መንግሥታት እየተቀባበሉ የያዙትን አንድ ሥልጣን የሚጠብቀው ነው፤ «መሬት የማን እንደሚሆን የምወስነው እኔ ነኝ» የሚለውን። ደርግ ጠበቀው። ኢሕአዴግም መሬት የሚሸጠው በመቃብሬ ላይ ነው እያለ ጠበቀው። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ ብልጽግና ሲተካ አንቀጽ 40 ከቦታው አልተነቃነቀም።

የዚህ አንቀጽ ጠበቆች «ገበሬው ከሸጠ ይሰደዳል፣ ከተማ ገብቶ ለማኝ ይሆናል» ይላሉ። ቀላል ክርክር አይደለም፤ አንንቀውም። ነገር ግን ይህ ራሱ የወግ አጥባቂ ክርክር ነው! ርስትም እኮ አይሸጥም ነበር። እነዚያ «ፊውዳል» የተባሉት አባቶች መሬት ለገበያ እንዳይወጣ የከለከሉት እነዚህ «ግራ» ነን ባዮች ከመወለዳቸው በፊት ነው። ልዩነቱ መሸጥና አለመሸጡ ላይ አይደለም። በርስት ጊዜ ዘመዳሞች በዘርና በምስክር ይሟገቱ ነበር፤ ዛሬ ቀበሌው ይወስናል።

ወደ 1789 እንመለስ። በቀኝ የተቀመጡት «ንጉሡ የማገድ ሥልጣን ይኑረው» ያሉት አልነበሩም? ታዲያ በገበሬው ማሳ ላይ የማገድ፣ የመንጠቅ፣ የመደልደል ሥልጣን በእጄ ይቆይ የሚለው ሹም ፈረንሳይ ቢወሰድ በየትኛው ወገን ይቀመጣል? ከንጉሡ ጎን ነዋ! ግራ ነኝ እያለ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተቀመጠው በቀኝ ነው።

ወግ ሁሉ ይጠበቅ አንልም

ይህን ስንል ግን የድሮው ሁሉ ማር ነበር ማለታችን አይደለም። በዚያው በርስቱ አገር ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ተንቀዋል። ቤተ እስራኤሉና ሙስሊሙ በብዙ ቦታ ርስት ተከልክለው የሰው መሬት በኪራይ አርሰዋል። ሴት ልጅ በሕፃንነቷ ተድራለች። የ1967ቱ አዋጅ ለእነዚህ ወገኖች በር ከፍቷል። ወግ አጥባቂ ነኝ የሚል ሰው ይህን ካልመለሰ ጠባቂነቱ የወግ አይደለም፣ የራሱን ድርሻ ነው የሚጠብቀው። በርክም ቢሆን ምንም አይለወጥ አላለም፤ ለመጠበቅ ሲባል ማረም ግድ መሆኑን ጽፏል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለተቃዋሚዎች፦ ስማችሁን አትፍሩ። ቀኝ ከሆናችሁ ቀኝ ነን በሉ፤ ግራ ከሆናችሁም ግራ ነን በሉ። ዋናው ግን እብናት ሄዳችሁ «መሬትህን በምን እንጠብቅልህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መያዛችሁ ነው። «የግል ይሁን» ወይም «የመንግሥት ይሁን» የሚል መፈክር አይበቃም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል መሰጠት የጀመረው የይዞታ ደብተር ለገበሬው ጠቅሞታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያሲዝ ፈቅዷል። እነዚህ መልካም እርምጃዎች ናቸው። ነገር ግን ደብተር በሹም ፊርማ የተሰጠ ነው፤ በሹም ፊርማ የተሰጠ በሹም ፊርማ እንዳይወሰድ የሚያደርግ፣ ከካድሬ የተላቀቀ ዳኛ ያስፈልጋል። ከሴፍቲኔት ስንዴ የሚቀበል ገበሬ «ብቃወም ከመዝገቡ እሰረዛለሁ» ብሎ እስከሠጋ ድረስ ደብተሩ ብቻውን አያድነውም።

ለገዢዎች፦ በሰው ስም መሬት አትደልድሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀጣጠለ ወዲህ አዳዲስ ስሞች ወጥተዋል። አንዱ ወገን «ጽንፈኛ» ይላል፣ ሌላው «ባንዳ» ይላል። ከዚህ በፊት የወጣ ስም ሁሉ ከጥቂት ዓመት በኋላ የመሬት ዝርዝር ሆኖ ተመልሶ መጥቷል። የዛሬው ስም ደግሞ ነገ በአራት ጥማድ እንዳይመነዘር ከአሁኑ ማሰብ ይበጃል። ይህን የምንለው ለሁለቱም ወገን ነው፤ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ይስማን።

ለአንባቢ፦ አባቶቻችን ግራንና ቀኝን ከፈረንሳይ በፊት ያውቁ ነበር። ቀኛዝማችም ግራዝማችም ባንድ ጦር ውስጥ ይሰለፉ ነበር። በአቋቋም ትምህርቷ ስሟ በሚጠራው በደብረ ታቦር ማኅሌት ሲቆም ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ አንዱ ሌላውን «አድሃሪ» ብሎ ከቤተ መቅደስ አያስወጣውም። ፖለቲካችን የጎደለው ይህ ነው። ቀኙም ይናገር፣ ግራውም ይመልስ። ገበሬው ደግሞ በየትኛውም ወገን ቢቀመጥ ማሳው ላይ ተቀምጦ ይስማቸው። «አንተ ማን ነህ?» ተብሎ ስም ሲወጣለት የኖረው ሰው በተራው ሹሙን «አንተስ ማን ነህ? የምትጠብቀው ምንድን ነው? ከማንስ ነው የምትጠብቀው?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!